ፊርማዎ አይመሳሰልም

የአዳማ ሽንኩርት ተራ ሰው ሽታዬ ጀቤሳን የሚያውቃት በአንዲት ፊደል ነው። ከጆንያው አፍ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ በቀይ ክር የተሰፋች፣ ቆቧን የደፋች «ሽ»። ሽታዬ አሮጌ ጆንያና ማዳበሪያ ገዝታ፣ አራግፋ፣ የተቀደደውን በሲባጎ ጠግና ለነጋዴ ታከራያለች። ጆንያዎቹ ባዷቸውን መቂና ባቱ ይወርዳሉ፣ ሽንኩርት ጠግበው ይመለሳሉ፣ ሲራገፉ ደግሞ ወደ እሷ ይመጣሉ። የማን የማን እንደሆነ የሚለየው በዚያች ፊደል ነው።

አንድ ጊዜ ከሞጆ የመጣ ነጋዴ ሠላሳ ጆንያዋን «የራሴ ነው» ብሎ አይሱዙ ላይ አስጫነ። የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ጋሮምሳ መጥቶ አንዱን ገለበጠና አየው።

«ይሄ የአዴ ሽታዬ ነው። አውርዱ!» አለ።

«በምን አወቅህ? አንተ ደግሞ ማንበብ ትችላለህ?» አለው ነጋዴው።

«ማንበብስ አልችልም። ሽታዬን ግን አነባለሁ።»

ተራው በሙሉ ሳቀ። ነጋዴውም አፍሮ ኪራዩን ከፍሎ ሄደ።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ነገር አይደለም። ገበያው በአንድ ፊደል ያመናትን ሴት ባንክ ቤት እንዴት አላምንሽም እንዳላት፣ ቤቷን መውሰድ ሲፈልግ ደግሞ እንዴት አድርጎ እንዳመናት ልነግራችሁ ነው። እኔ እንቁ እባላለሁ። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠግተን አርባ ምናምን ዓመት ኖረናል። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ እሱም የማታ። ስለዚህ ብሳሳት የፊደሉን እለፉልኝ፣ ነገሩ ግን አልተሳሳተም።

ፊደል የቆጠርነው አብረን ነው፤ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከጣውላ አግዳሚ ላይ፣ እኔ በቀኝ እሷ በግራ። የሚያስተምረን ተክለሃይማኖት የሚባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ። ሽታዬ ያኔ ከአዳሚ ቱሉ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። አማርኛዋ ይሰነካከላል፤ «እሱ መጣች» ትላለች፣ እንስቅባታለን፣ እሷም ትስቃለች። ተክለሃይማኖት ስሟን ሰሌዳ ላይ ጻፈላት። ቆማ ብዙ አየችው።

«ይሄ ብቻ ነው?» አለች። «ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠራበት ኖሬ ሦስት ፊደል?»

ከዚያ በፊት ለቀበሌ ሱቅ ራሽንም፣ ለምኑም፣ አውራ ጣቷን ቀለም እየነከሩ ያስረግጧት ነበር። ጣቷ ሦስት ቀን ጥቁር ሆኖ ይሰነብታል። «እንደ ተያዘ ሌባ» ትል ነበር። የመጨረሻውን ፈተና አልፋ የምስክር ወረቀቷን የተቀበለች ቀን ግን ማለች፤ «ከእንግዲህ ጣቴን ቀለም የሚነካው የለም። ሞቼ ካልሆነ።» መሐላዋንም ጠበቀች። ቀበሌ ሄዳ ቀለሙን ሲያቀርቡላት በእጇ መለስ ታደርገውና «እስክሪብቶ» ትላለች፤ ልክ ሆቴል ገብታ ለስላሳ እንደምታዝ።

ባሏ ጆቴ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ጫኝ ነበር። ከሥራ ሲቀንሱት በሰጡት ገንዘብ ሁለት ክፍል ቤት ሠራላት፤ ጭቃ ነው፣ ግን የተለሰነ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። በር ላይ የኒም ዛፍ ተከለ። ጆንያው ከኒሙ ሥር ይሰፋል፣ ከኋለኛው ክፍል ይከመራል። ልጅ አልወለዱም። «ልጆቼ ጆንያዎቼ ናቸው፤ ሲሄዱ ባዶ፣ ሲመጡ ጠግበው» ትል ነበር። ስትስቅ ታስቃለች፤ እኔ ግን ስታለቅስም አይቻታለሁ።

ባንክ ደብተር ያወጣችው በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። የባንኩን ስም አልጽፍም፤ አዳማ ውስጥ በየመቶ ሜትሩ ባንክ ነው፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ያን ቀን ነጠላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ እንደ ክርስትና እናት ሆና ሄደች። ፀሐፊዋ ካርድ ሰጠቻትና «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለቻት። ሽታዬ ተቀመጠች። እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ ትንፋሿን ይዛ ሦስቱን ፊደል አንድ በአንድ አወረደቻቸው። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ አምራ ጽፋ አታውቅም። ዳግመኛም አልጻፈች።

ችግሩም ይኸው ሆነ።

የጆንያ መርፌ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አይገባውም። መዳፍ ያህላል፣ ጫፉ ጎበጥ ያለ ነው። ሲባጎውን ስትጎትቺው ጣትሽን ይቆርጣል፣ በዓመታት ጣት ይደነድናል፣ ከዚያ አይታጠፍም። የሽታዬ እጅ በጧት ተነሥቶ ስኒ ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። እስክሪብቶ ደግሞ ከመርፌ ቀጭን ነው። ስለዚህ አንድ ቀን «ሽ»ዋ ትወድቃለች፣ አንድ ቀን «ታ»ዋ ትነሣለች፣ «ዬ»ዋ ደግሞ እንደ ቀኑ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒዩተሩን ታያለች፣ ወረቀቱን ታያለች፣ እንደገና ኮምፒዩተሩን። ከዚያ የወጪ ፎርሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትጽፍና በቀዳዳው ትመልሰዋለች።

«ፊርማዎ አይመሳሰልም እማማ።»

«ከማን ጋር?»

«ከራስዎ ጋር።»

መጀመሪያ ሰሞን ቀልድ ነበር። ስንመለስ መንገድ ላይ «እንቁ፣ እኔና እኔ ተጣላን እኮ» ትለኝ ነበር። ሊዲ የምትባለዋ ባለ መስኮት ክፉ ልጅ አልነበረችም። አንዳንዴ ኮምፒዩተሩን ወደ እኛ አዙራ ካርዱን ታሳየናለች። «አዩት? ይህን አስመስለው ይጻፉ» ትላታለች። ሽታዬም የራሷን ፊርማ እንደ ፈተና እያየች ትቀዳለች። አሁንም አይሆንም።

«የኔ ልጅ፣» አለቻት አንድ ቀን፣ «ዕድሜ ልኩን የሠርግ ፎቶውን የሚመስል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሊዲ ሳቀች። ገንዘቡን ግን አልሰጠቻትም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ነበር፤ ይህ የእሷው ጥፋት ነው፣ ጥፋት ከተባለ። አባቷ ጀቤሳ በሞቱ ዓመት ሐዘኑ ሲከብዳት ስማቸውን ፊርማዋ ላይ ጨመረችበት። «ሽታዬ ጀቤሳ» ብላ ጻፈች።

«የአባትዎን ስም ያውጡት፣ ካርዱ ላይ የለም» አለቻት ሊዲ።

«አባቴን የት ላውጣው? ገና አርባው እንኳ አልወጣ።»

ለሽታዬ ፊርማ ማለት እንደ ሰላምታ ነው። የከፋሽ ቀንና የደላሽ ቀን አንድ ዓይነት «ነጋ ጅርታ፣ ደኅና ነሽ» አትይም። እንደ ሆድሽ ትዪዋለሽ። ይህን ለሊዲ ባስረዳት አይገባትም ብዬ ተውኩት። እኔም እኮ የገባኝ አሁን ነው።

የተመለሰባትን ፎርም አትጥልም ነበር። ስሜ ያለበት ወረቀት ቆሻሻ ላይ አይወድቅም ትላለች። አጥፋ አጥፋ አንዲት ትንሽ የስንዴ ከረጢት ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

ጆቴ የታመመው በሁለት ሺህ አራት ነው። ኩላሊቱን። ሆስፒታሉ ስምንት ሺህ ብር አስይዙ አለ። አርብ ከሰዓት ሽታዬ ወደ ባንክ በረረች፣ እኔም ተከተልኳት። የጻፈችው እንኳን የካርዱን፣ የሰው ፊርማም አይመስልም። አይመሳሰልም። እንደገና ጻፈች። አይመሳሰልም። ያን ቀን፣ ያቺ ኩሩ ሴት፣ አውራ ጣቷን ዘረጋች።

«በይ ቀለሙን አምጪው» አለቻት።

«ለአሻራ ሥራ አስኪያጁ መፍቀድ አለባቸው። ስብሰባ ናቸው።»

«መቼ ይወጣሉ?»

«ዛሬ አይመለሱም መሰለኝ እማማ።»

ቅዳሜ ሄድን፣ ሲስተም የለም አሉን። እሑድ ጠዋት ጆቴ አረፈ። ገንዘቡ ያድነው ነበር አልልም፣ እግዜር ነው የሚያውቀው። ብቻ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ፈቀዱ፣ ጣቷ ቀለም ነካ፣ ስምንቱ ሺህ ወጣ፣ ለድንኳንና ለንፍሮ ሆነ። ለቅሶው ላይ ሰው ሲያቅፋት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቅ ነበር። ጣቷ ጥቁር ስለነበር ነው። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ ወደ ብድሩ ልምጣ። እዚህ ላይ የእኔም እጅ አለበት፤ መደበቅ አይገባኝም።

ሁለት ሺህ አሥራ አራት ላይ ሥራዋ እየሞተ ነበር። ወፍራሙ ጆንያ ጠፋ፣ ሁሉም ፕላስቲክ ማዳበሪያ ሆነ። እጇም አልታዘዝ አለ። ሞጆ አንድ መጋዘን ውስጥ አሥር ሺህ ማዳበሪያ በጅምላ ይሸጣል ተባለ። በኤሌክትሪክ የሚሰፋ የእጅ መኪናም ተገኘ። ባንኩ በራፍ ላይ ደግሞ አንዲት የምትስቅ ሴት ሥዕል ሰቅለዋል፤ «ለሴት ነጋዴዎች ልዩ ብድር» ይላል። አንብቤ የነገርኳት እኔ ነኝ። እሷ አመነታች።

«እንቁ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብኝ» አለችኝ።

«ቸግሮሻል እኮ» አልኳት። «ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት ደንበኛቸው ነሽ።»

የብድር ክፍሉ ልጅ ኪሩ ይባላል። ኪሩቤል ነው ሙሉው። ቆንጆ ልጅ ነው፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ። «እማማዬ» እያለ ወንበር ሳበላት፣ ውኃ አስመጣላት። ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር በአምስት ዓመት፣ ወለዱ በመቶ አሥራ አምስት፣ መያዣው የጆቴ ቤት። ካርታውን ሰጠችው። ከዚያ ወረቀት መጣ። አሥራ አንድ ገጽ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ምስክር ሆኜ አጠገቧ ነበርኩ።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ እማማዬ። እዚህም። እዚህም።»

ከሁለት ቀን በፊት መርፌ ወግቷት ቀኝ እጇ አብጦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። አንዱ ገጽ ላይ «ሽታዬ» አለች፤ አንዱ ላይ «ሽታ» ብላ ደከማት። አንዱ ላይ አባቷን ጨመረች። አንዱ ላይ «ሽ»ዋ ተጋድማ ዓሣ መሰለች። አሥራ አንድ ፊርማ፣ አንዱ ካንዱ የማይገናኝ። ፈርታ ቀና ብላ አየችው።

«አይመሳሰልም መሰለኝ የኔ ልጅ።»

«ኧረ ምንም አይደል! ፎርማሊቲ ነው» አለ ኪሩ፤ ሰበሰበው።

ሽታዬ ደስ አላት። መንገድ ላይ ክንዴን ያዘችኝና «እንቁ፣ ዛሬ ተቀበሉኝ» አለችኝ። እንደ ልጅ ነበር ያለችው። ይህ ቃል ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ።

ገንዘቡ ሲገባ ሁለት መቶ ሃምሳ አልነበረም። የአገልግሎት ተብሎ፣ የቤት ግምት ተብሎ፣ የመድን ተብሎ፣ ቀድሞ ተቆርጦ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሆነ። ወለዱ ግን ያላየችውንም ብር ጭምር ይቆጥራል። እሺ ተባለ። በየወሩ ወደ ስድስት ሺህ ትከፍላለች። ማዳበሪያው ደረሰ፣ መኪናው ኒሙ ሥር ጠር ጠር አለ፣ ቀይ ክሩ ግን በእጇ ነበር። «ይቺንስ መኪና አይነካብኝም» ትል ነበር ስለ «ሽ»።

በዓመቱ ስልኳ ላይ መልእክት መጣ፣ በእንግሊዝኛ። የጎረቤታችን የፎዚያ ልጅ ሑስና ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ አስነበብናት።

«ወለዱ ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ ስምንት ተኩል ከፍ ብሏል ነው የሚለው» አለች ሑስና።

«ማን ፈቀደ?»

ሑስና ውሉን አገላበጠች። «እርስዎ። ገጽ ሰባት። ባንኩ በፈለገ ጊዜ መለወጥ ይችላል ይላል፤ እርስዎም እዚህ ፈርመዋል።» ዓሣ የመሰለችው «ሽ» ያለችበት ገጽ ነው።

ሽታዬ «ጆንያ ካከራየሁ በኋላ መንገድ ላይ ኪራይ ብጨምር ጋሮምሳ ምን ይለኝ ነበር?» አለች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንድ ወር የመክፈያዋ ቀን ቅዳሜ ዋለ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ብሯን ጡቷ ሥር ቋጥራ ሄደች። ሲስተም የለም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሲስተም የለም፣ ሰኞ ይምጡ። ሰኞ ስትሄድ የሁለት ቀን ቅጣት ገብቶባታል።

«እዚሁ ነበርኩ እኮ ሊዲ፤ አይተሽኛል።»

«አይቻለሁ እማማ። ግን ሲስተሙ ነው የሚቀጣው፣ እኔ አይደለሁም።»

«ሲስተሙ የለም አልነበር እንዴ?»

ሊዲ ደረሰኙን በቀዳዳው አወጣችላት። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ገንዘብሽን ስትሰጪ ሲስተም የለም፣ ገንዘብሽን ስትጠይቂ ሲስተም የለም። ወለዱ ግን መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ቢቋረጥም አንድ ቀን አርፎ አያውቅም።

ሁለት ዓመት ከፈለች። መቶ አርባ ሺህ ያህል ከፍላ ዋናው ዕዳ ስልሳ ሺህ እንኳ አልቀነሰላትም። ከዚያ ያ የሽንኩርት ክፉ ዓመት መጣ። ዋጋው ወድቆ መቂ ያለው ገበሬ ሽንኩርቱን እርሻው ላይ ለከብት ለቀቀው። ሽንኩርት ካልተለቀመ ጆንያ ማን ይከራያል? አራት ወር አቃታት። ኪሩን ለመነችው፤ ያኔ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል፣ ሽቶውም ተለውጧል። «ጊዜ ስጠኝ፣ ለጥር ሽንኩርት ይመለሳል» አለችው። «አስተላልፋለሁ» አላት። ያስተላለፈው ማስጠንቀቂያውን ነው። በራፏ ላይ ለጠፉባት፤ በሠላሳ ቀን ካልከፈለች ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። ባንኩ ፍርድ ቤት እንኳ አላቆማትም። ሕጉ ለባንክ እንዲሁ ይፈቅዳል አሉን።

ያን ለት ሽታዬ አላለቀሰችም። ያቺን የስንዴ ከረጢት አወረደች። የተመለሱባትን ፎርሞች አንድ በአንድ ዘርግታ ከኒሙ ሥር ቆጠርናቸው። ሠላሳ ሰባት። ሁሉም ላይ በቀይ፣ «ፊርማ አይመሳሰልም»። አንዱ ጆቴ ሆስፒታል የተኛበት የዚያ አርብ ነው።

በማግስቱ ከረጢቷን ይዛ ኪሩ ቢሮ ገባች፣ እኔም ከኋላዋ። ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው።

«ምንድነው ይሄ እማማ?»

«የእናንተ ጽሕፈት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ይሄ የሽታዬ ፊርማ አይደለም ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። እስቲ አሁን ውሉን አምጣው።»

«እማማ…»

«አምጣው የኔ ልጅ።»

አመጣው። አንዱን ፎርም ከአንዱ ገጽ ጎን አደረገችው።

«አመሳስልልኝ። ይሄ የኔ ካልሆነ፣ ይሄም የኔ አይደለም። ይሄኛው የኔ ከሆነ ግን…» የዚያን አርብ ፎርም አነሣችው፤ «…ይሄም የኔ ነበር። ባሌ ተኝቶ ሳለ ብሬን ለምን ከለከላችሁኝ?»

ኪሩ ፎርሙንና ገጹን ጎን ለጎን አየ። ውጪ ሰው ተራ ቁጥር ሲጠራ ይሰማል። በመጨረሻ ለስለስ ብሎ፣ እንደሚያባብል ሰው፣ «ያ እኮ ለእርስዎ ደኅንነት ነው እማማ። ሌባ ገንዘብዎን እንዳይወስድ» አለ።

«ይሄኛውስ?» አለች ውሉን እየነካች።

«ይሄኛው ደግሞ… ለባንኩ ደኅንነት ነው።»

ልጁ ሊያሾፍ አልነበረም። እውነቱን ነው የተናገረው። ለዚህ ነው የባሰው። ሽታዬ ሠላሳ ሰባቱን ሰብስባ ወደ ከረጢቷ መለሰች። እኔ ግን መናገር ነበረብኝ፤ ምስክር ተብዬ የፈረምኩ እኔ፣ አሥራ አንዱም ሲለያዩ ያየሁ እኔ፣ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። የእኔ ፊርማ ሁልጊዜ ይመሳሰላል። ምን ጠቀመ?

የመጀመሪያው ሐራጅ ላይ ማንም አልመጣም። ሁለተኛው ላይ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ሲያወሩ እንደሚተዋወቁ ያስታውቃል። ደላላ ሁሉ ሁለት ሚሊዮን ያወጣል የሚለው የጆቴ ቤት በሦስት መቶ ዘጠና ሺህ ተሸጠ። ዕዳው፣ ወለዱ፣ ቅጣቱ፣ የጋዜጣ ማስታወቂያው ሳይቀር ተቀንሶ ዘጠና ስድስት ሺህ ብር ተረፈሽ፣ ደብተርሽ ላይ ገብቷል አሏት። ጋሮምሳና ጓደኞቹ መጥተው ማዳበሪያውን ተሸከሙላት፤ የጉልበት አልተቀበሏትም። ገዢው በሳምንቱ ኒሙን ቆረጠው። መጋዝ ሲጮህ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አርባ ዓመት በመስኮቴ የነበረ ጥላ በአንድ ከሰዓት ሄደ።

ሽታዬ ሽንኩርት ተራ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየች። የተረፋትን ብር ልታወጣ አብረን ሄድን። ለሁለት ዓመት ኪራይ ይሆናታል ብዬ አስልቼላት ነበር። ሊዲ አሁንም እዚያው መስኮት ላይ ናት፤ ቀለበት አድርጋለች፣ ወፈር ብላለች። ሽታዬ ፎርሙን ሞላች። ቀስ ብላ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ሦስቱን ፊደል። ለኔ ያማረ መሰለኝ።

ሊዲ ኮምፒዩተሩን አየች። ወረቀቱን አየች። እንደገና ኮምፒዩተሩን። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እማማ ሽታዬ… እባክዎ አሻራ ይስጡኝ። አሁን ለሥራ አስኪያጁ ነግሬ አስፈቅዳለሁ። በሁለት ደቂቃ ያልቃል።»

የቀለሙን ዕቃ በቀዳዳው ገፋችው። ሽታዬ አየችው።

«አይመሳሰልም?»

«ትንሽ ነው የሚለየው። አሻራ ብቻ…»

«ቤቴን ስትወስዱ ፊርማዬ የኔ ነበር» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ብሬን ስትመልሱ ጣቴን ትፈልጋላችሁ? አልሰጥም።»

«ሽታዬ!» አልኳት እኔ። «ስለ እመቤታችን፣ ጣትሽን አስነኪና እንውጣ። ኪራዩስ? ገንዘቡ እኮ የራስሽ ነው።»

«የራሴ ከሆነ በፊርማዬ ይውጣ።»

ፎርሙን ከቀዳዳው ሳበችው። ሊዲ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥታ ነበር፣ አስቀመጠችው። «ጻፊበት እንጂ» አለቻት ሽታዬ፤ «ሌሎቹ ሁሉ ተጽፎባቸዋል።» ሊዲ ጻፈችበት። ሽታዬ አጠፈችው፣ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ሠላሳ ስምንተኛው።

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈው። ተቆጥቼ ሁለት ሳምንት አላናገርኳትም ነበር። ሞኝ፣ ግትር፣ የአዳሚ ቱሉ በሬ ብያታለሁ። በኋላ ግን ያ ጥቁር ጣት ነጠላ ውስጥ ሲደበቅ ትዝ አለኝና ተውኳት። ብሩ እስካሁን እዚያው ነው። ሊዲ ሳገኛት አንገቷን ደፍታ «ንገሪያት እንጂ እትዬ እንቁ» ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት?

ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርት ልገዛ ተራው ገባሁ። ሽታዬ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ማዳበሪያ ላይ ቁጭ ብላለች፤ የስፌት መኪናዋን ለቤት ኪራይ ብላ ሸጣዋለች፣ በመርፌ ነው የምትሰፋው። ጣቶቿ ቀይ ክሩን ለመያዝ ሦስት ጊዜ ሳቱት። በአራተኛው ያዘችው። «ሽ»ዋ ትንሽ ተጋድማለች፤ ዓሣ ትመስላለች።

ጋሮምሳ መጥቶ ማዳበሪያውን ከእጇ ተቀበላት፤ አየትም አላደረገው። ትከሻው ላይ ጣለውና ሄደ።